የጋራዥ ሂሳብና ሁለቱ ሚዛኖቻችን

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም።

ሱረቱል ካህፍን ያልቀራችሁ ቅሩ፤ በረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ላይም ሰለዋት አብዙ።

የዛሬው ርዕሳችን ከሚንበር የራቀ ሊመስላችሁ ይችላል። ስለ ጋራዥ ነው። ውጭ አገር ከምትኖሩ ወጣቶች በተለያየ መልክ ደጋግሞ የሚመጣ አንድ ጥያቄ አለ። «ኡስታዝ፣ የፊት ፍሬን ሸራና ዲስክ ለማስቀየር 600 ዶላር ከፈልኩ። አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ ሲሰማ ሳቀብኝ። እዚያ የእጅ ዋጋው የአንድ ምሳ ዋጋ ነው አለኝ። ይሄ ዝርፊያ አይደለም ወይ?» አንዳንዱ ደግሞ አንድ እርምጃ ይጨምራል፦ «ባንኬ ጋ ደውዬ ክፍያውን ማስመለስ እችላለሁ። ሐላል ነው?»

የመጀመሪያው ጥያቄ የገበያ ጥያቄ ነው። ሁለተኛው ግን የአኺራ ጥያቄ ነው፤ ምክንያቱም የሌላ ሰው ገንዘብ አለበት። የሁለተኛው መልስ በመጀመሪያው ላይ ስለሚቆም ከመጀመሪያው እንነሳ። መኪናው የእንጀራው መሠረት የሆነ ብዙ ወንድም አለ፤ ታክሲ የሚነዳ፣ ኡበር የሚሠራ፣ ዕቃ የሚያደርስ። ለእሱ 600 ዶላር ቀላል ገንዘብ አይደለም። ስለዚህ «ዝም ብለህ ክፈል» ብሎ ማለፍ መልስ አይሆንም። «ሌቦች ናቸው» ብሎ ማለፍም እንዲሁ።

መጀመሪያ ሁለት ቃላትን እንለይ። «ውድ» እና «ዙልም» አንድ አይደሉም። ውድ ማለት ከኪሳችን አንጻር ከባድ ማለት ነው። ዙልም ማለት የሰውን ሐቅ መንካት ነው። ውድ ሆኖ ዙልም የሌለበት ሂሳብ አለ። ርካሽ ሆኖ ዙልም የሞላበት ሂሳብም አለ። ይህን ያልለየ ሰው የከበደውን ሁሉ ዙልም፣ የቀለለውን ሁሉ ሐላል እያለ ይኖራል።

ዋጋ አገር አለው

ፊቅህ የቀራችሁ ደረሳዎች ሁለት ቃላት ታውቃላችሁ፤ ሰመኑል ሚስል እና ኡጅረቱል ሚስል። የመጀመሪያው የአምሳያ ዕቃ ዋጋ፣ ሁለተኛው የአምሳያ ሥራ ክፍያ ማለት ነው። ሰው ክፍያ ሳይነጋገር ልብሱን ለሰፊ ሰጠ እንበል። ሥራው አለቀ፤ በክፍያው ተጣሉ። ቃዲው ምን ይላል? በዚያ ከተማ፣ በዚያ ዘመን፣ ለእንዲህ ዓይነት ስፌት ሰው የሚከፍለውን ይፈርዳል። የደሴ ሰፊ በደሴ፣ የካይሮ ሰፊ በካይሮ። «አምሳያ» የሚለው ቃል ቦታን በውስጡ ይዟል። ስለዚህ የቨርጂንያ ጋራዥ አምሳያው ሌላው የቨርጂንያ ጋራዥ ነው እንጂ የመርካቶ ጋራዥ አይደለም።

በረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን መዲና ላይ ዋጋ ወጣ። ሰዎች «ዋጋ ይተምኑልን» ብለው ጠየቁ። እሳቸው ግን እንቢ አሉ። ዋጋን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው አላህ መሆኑን፣ እሳቸውም አላህን ሲገናኙ በደምም በገንዘብም «በድለኸኛል» የሚላቸው ሰው እንዳይኖር እንደሚመኙ ነገሯቸው። አስተውሉ። የተቸገረው ገዢ ቢሆንም፣ ያለ አግባብ ሻጩን ማስገደድም በደል ሊሆን እንደሚችል አሳዩን። በእርግጥ ነጋዴ ሲያከማችና ሲያድም ኢማም ሊገባ እንደሚችል እነ ኢብኑ ተይሚያ በሒስባ ላይ በጻፉት አብራርተዋል። ያ ግን ነጋዴው ራሱ በደል ሲሠራ ነው።

ኢብኑ ኸልዱን ሙቀዲማውን በጻፈበት በ1377 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ነገር ተመልክቶት ነበር። ከተማ ሲበለጽግ የእጅ ባለሙያ ክፍያ ይወደዳል ይላል። ፈላጊው ይበዛል፤ ባለሙያውም ኑሮው ስለሚቃና በትንሽ ክፍያ ራሱን አይሸጥም። ፋስን ከቲሊምሳን ጋር ሲያነጻጽር ቃዲው ከቃዲው፣ ነጋዴው ከነጋዴው፣ የእጅ ባለሙያው ከእጅ ባለሙያው የተለየ ኑሮ እንዳለው ያሳያል። ለማኙ እንኳን ከለማኝ ይለያል፤ የፋስ ለማኝ ለዒድ የኡዱሒያ ዋጋ ሲጠይቅ አይቷል።

ዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚክስ ኮርስ የወሰዳችሁ ደግሞ በ1964 እ.ኤ.አ. ባላሳና ሳሙኤልሰን በየፊናቸው የጻፉትን ታስታውሱ ይሆናል። ሐሳቡ ቀላል ነው። ስልክ በመርከብ ይሄዳል፤ ስለዚህ ዋጋው በየአገሩ ይቀራረባል። ፀጉር መቆረጥና መኪና ማስጠገን ግን በመርከብ አይላኩም። ሌላው ሥራ ብዙ በሚከፍልበት አገር ፀጉር አስተካካዩና መካኒኩም ብዙ ካልተከፈላቸው ጥለው ወደ ሌላው ሥራ ይሄዳሉ። መቀሱ አንድ ነው፤ እጁም አንድ ነው። የሚለየው እጁ የሚኖርበት አገር ነው።

የሂሳቡን ሆድ እንክፈት

አሜሪካ ውስጥ የአንድ ሰዓት የጋራዥ ሥራ ከ100 ዶላር በላይ መጠየቁ የተለመደ ነው። ይህን የሚያይ ሰው «መካኒኩ በሰዓት መቶ ዶላር ይበላል» ብሎ ያስባል። አይበላም። አብዛኛውን ጊዜ መካኒኩ እጅ የሚገባው ከዚያ ከግማሽ በታች ነው። የቀረው የቤት ኪራይ፣ ኢንሹራንስ፣ መኪና ማንሻው፣ ኮምፒውተሩና በየዓመቱ የሚታደሰው ሶፍትዌሩ፣ ስልክ የሚያነሳው ሠራተኛ፣ የተቃጠለ ዘይት በሕጉ መሠረት የሚወስደው ድርጅት፣ ግብሩ ነው። ነገ ፍሬኑ ባይዝና ሰው ቢጎዳ የሚጠየቀውም ያው ጋራዥ ነው። ያ ኃላፊነት ዋጋ አለው።

ብዙ ወንድሞችን የሚያስቆጣ ሌላም ነገር አለ። ጋራዦች ለእያንዳንዱ ሥራ ስንት ሰዓት እንደሚወስድ የሚናገር መመሪያ አላቸው። መመሪያው ሁለት ሰዓት ተኩል ካለ፣ መካኒኩ በአንድ ሰዓት ተኩል ቢጨርሰውም የምትከፍሉት የሁለት ሰዓት ተኩሉን ነው። «ያልሠራበትን አስከፈለኝ» ትላላችሁ። ፊቅሁን እናምጣው። ኢጃራ ሁለት ዓይነት ነው፤ በጊዜ መቅጠር አለ፣ በሥራ መቅጠር አለ። ጉድጓድ ቆፋሪን «ይህን ጉድጓድ በዚህ ያህል» ካላችሁት፣ ጎበዝ ሆኖ በቀትር ቢጨርስ ክፍያው አይቀነስም። ደካማ ሆኖ ሁለት ቀን ቢቆይም አይጨመርለትም። የመመሪያው ዋጋ በሥራ መቅጠር ነው። ዝገት ይዞት ብሎኑ እንቢ ቢለውና አራት ሰዓት ቢፈጅበት የሚጎዳው እሱ ነው። አስቀድሞ ከተነገራችሁና ከተስማማችሁ ችግር የለበትም። «በሠራሁት ሰዓት ልክ ነው የማስከፍለው» ብሎ ነግሯችሁ በመመሪያው ካስከፈላችሁ ግን ያ ውሸት ነው። ውሸቱ ሐራም ነው፤ መመሪያው አይደለም።

የምርመራ ክፍያውም እንዲሁ ነው። «ችግሩን ለማየት ብቻ 150 ዶላር!» ይባላል። ማየት ሥራ ነው። «ካዳንከው እከፍልሃለሁ» ብላችሁ ብትዋዋሉ ያ ጁዓላ ይሆናል፤ በሱረቱ ዩሱፍ የንጉሡን መስፈሪያ ላመጣ የግመል ጭነት ቃል እንደተገባው ማለት ነው። ውጤቱ ካልመጣ ክፍያ የለም። «ጊዜህን ወስደህ መርምርልኝ» ካላችሁት ግን ኢጃራ ነው፤ ሐኪም ባያድናችሁም ለምርመራው እንደሚከፈለው ሁሉ ይከፈለዋል። ጠቡ ሁሉ የሚመጣው አንዱ ጁዓላ፣ ሌላው ኢጃራ አስቦ ሲጀምር ነው።

መለዋወጫው ላይስ? ጋራዡ በ80 ገዝቶ በ130 ሸጠላችሁ። ዑርወቱል ባሪቂ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በሰጡት አንድ ዲናር ሁለት በግ ገዝቶ፣ አንዱን በአንድ ዲናር ሸጦ፣ በግና ዲናር ይዞ ሲመለስ በንግዱ በረካ እንዲያገኝ ዱዓ አድርገውለታል። የትርፍ መጠን በራሱ የሐራም መስመር አይደለም። ግን ሻጩ «የገዛሁት በ120 ነው፣ 10 ብቻ ነው ያተረፍኩት» ካለ ነገሩ ይቀየራል። እዚያ ላይ የገዢው ስምምነት የቆመው በሻጩ ቃል ላይ ነው፤ ቃሉ ውሸት ከሆነ አማና ተበልቷል።

ሁለቱ ሚዛኖች

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ፣ ወንድሜ። ደሞዝህ ሲገባ በምን ትለካዋለህ? በሰዓት 25 ዶላር ብትቀበል «አዲስ አበባ ላይ ይህን ሥራ የሚሠራ ወንድሜ የሚያገኘው ከዚህ በጣም ያነሰ ነው፣ ስለዚህ ለአለቃዬ ልመልስለት» ብለህ ታውቃለህ? አታውቅም። ማለትም የለብህም፤ የምትኖረው እዚያ ነው፤ ኪራይህም የዚያው ነው። ታዲያ ያው ኪራይ ያለበት መካኒክ ሂሳብ ሲሰጥህ ለምን በብር ታባዛዋለህ?

አላህ በሱረቱል ሙጠፊፊን የሚዝትባቸው ሰዎች እነማን ናቸው? ለራሳቸው ሲሰፍሩ አሟልተው የሚወስዱ፣ ለሌላው ሲሰፍሩ የሚያጎድሉ ናቸው። ይህን አያ ስንሰማ ትዝ የሚለን የእህል ነጋዴ ነው። ግን ሁለት ሚዛን የሚይዘው ነጋዴ ብቻ አይደለም። የራሱን ጉልበት በአሜሪካ ሚዛን፣ የመካኒኩን ጉልበት በአዲስ አበባ ሚዛን የሚለካ ደንበኛም ሁለት ሚዛን ይዟል።

ሂሳብን በትክክል ማነጻጸር ከፈለጋችሁ በሥራ ቀን ለኩት። በሰዓት 25 ዶላር የሚያገኝ ሰው የ600 ዶላሩን ፍሬን ለመክፈል 24 ሰዓት፣ ማለትም ሦስት የሥራ ቀን ይሠራል። አዲስ አበባ በወር 8,000 ብር የሚያገኝ ሰው ለፍሬኑ ዕቃና ሥራ 6,000 ብር ቢጠየቅ እንበል። ወደ ሃያ የሥራ ቀን ነው። ታዲያ የቱ አገር ነው ውድ? «እዚያ ርካሽ ነው» የምንለው ዶላር ይዘን ስናስበው ነው። ብር ይዞ ለሚያስበው ርካሽ አይደለም።

የአገር ቤቱ ርካሽነት

አገር ቤት ጉልበት ርካሽ ነው፣ ዕቃ ውድ ነው። መለዋወጫው በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ከ57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከመቶ ብር አልፏል። ለዚህ ነው መካኒኮቻችን ሌላው አገር የሚጣለውን የሚያድኑት። ዲናሞ ይጠመጠማል፣ ሞተሪኖ ተፈትቶ ይታደሳል፣ ራዲያተር ይበየዳል፣ የፍሬን ሸራ እንደገና ይለበዳል። ሶማሌ ተራ ሄዳችሁ ከአሮጌ መኪና የተፈታ ዕቃ ትፈልጋላችሁ። አሜሪካ ውስጥ ጉልበት ውድ፣ ዕቃ በአንጻሩ ርካሽ ስለሆነ ተፈቶ ከሚታደስ ሙሉው ይቀየራል። የአሜሪካው መካኒክ ዲናሞውን ሳይፈታ በአዲስ ሲቀይር «ሊበላኝ ነው» አትበሉ። የአገራችንም መካኒክ አሮጌውን ሲያድን «ኋላ ቀር ነው» አትበሉ። ሁለቱም በአገራቸው ውድ የሆነውን ነገር እየቆጠቡ ነው።

ግን የአገር ቤቱን ሂሳብ ርካሽ የሚያደርገው ማን ነው? አንዳንዴ ከመኪናው ሥር ተኝቶ ብሎን የሚፈታው ረዳት ልጅ ነው። «ሙያ እየተማረ ነው» ተብሎ ለወራት በምሳና በትራንስፖርት ብቻ የሚሠራ ልጅ አለ። አንዳንዴ ወደ ቦይ የሚደፋው የተቃጠለ ዘይት ነው፤ ሂሳቡን የሚከፍለው ከወንዙ በታች አትክልት የሚያጠጣው ሰው ነው። አንዳንዴ ድጋፍ ሳይኖረው በክሪክ ብቻ በተነሳ መኪና ሥር የሚገባው የመካኒኩ ሕይወት ነው። እነዚህ በደረሰኙ ላይ አይጻፉም፤ አላህ ዘንድ ግን ይጻፋሉ። ርካሽ ሂሳብ ስናይ «አልሐምዱሊላህ» ከማለታችን በፊት «ልዩነቱን የከፈለው ማነው?» ማለት ይገባናል።

ባሕረ ሰላጤው አገሮች ያላችሁም ይህን አስቡ። ሻርጃ ሰናዒያ ውስጥ መኪናችሁን በቅናሽ የሚያሠራላችሁ ጋራዥ ብዙ ጊዜ ቅናሹን የሚያገኘው ከፓኪስታን፣ ከሕንድ ወይም ከባንግላዴሽ ከመጣ ሠራተኛ ጉልበት ነው። እናንተም ስደተኛ ናችሁ፤ ደሞዝ ሲያዝና ሲዘገይ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። አላህ በቂያማ ቀን ባላንጣቸው ከሚሆንባቸው ሦስት ሰዎች አንዱ ሠራተኛ ቀጥሮ፣ ሥራውን ሙሉ ወስዶ፣ ክፍያውን የከለከለ መሆኑን በቡኻሪ ሐዲስ እናውቃለን። የጋራዡ ባለቤት በደል የእናንተ ወንጀል አይደለም። ግን ሠራተኛው እንደማይከፈለው እያወቃችሁ «ርካሽ ስለሆነ» ብቻ መመላለስ ልብን ያደነድናል።

ዙልሙ የሚገባበት በር

እንግዲህ የውጭ አገር ጋራዥ ሁሉ ንጹሕ ነው እያልኩ ነው? አይደለም። ዙልሙ አለ። በሩ ግን የዋጋው ከፍታ ሳይሆን የእውቀት ልዩነት ነው።

በ1973 እ.ኤ.አ. ዳርቢና ካርኒ የተባሉ ሁለት ምሁራን የአንዳንድ አገልግሎቶችን ልዩ ባሕርይ ጻፉ። ብርቱካን ስትገዙ ቀምሳችሁ ታውቁታላችሁ። ጥገና ግን ከተሠራም በኋላ አታውቁትም። መኪናው ተነሳ፤ ግን ሦስቱም ዕቃ መቀየር ነበረበት? ወይስ አንዱ በቂ ነበር? የሚነግራችሁም የሚሠራላችሁም የሚያስከፍላችሁም አንድ ሰው ነው። ሐኪም፣ ጠበቃ፣ መካኒክ ሁሉም እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል።

ሸሪዓችን ይህን በር ከብዙ ዘመን በፊት ዘግቶታል። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ዕቃ ጭኖ ከገጠር የሚመጣን ነጋዴ ከገበያ ውጭ ቀድሞ ተቀብሎ መግዛትን ከለከሉ። ምክንያቱም የገበያውን ዋጋ ገና አያውቅም። ገበያ ሲደርስ ውሉን የማፍረስ ምርጫ ሰጡት። የእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን ከተው እርጥቡ ከሥር ተደብቆ ሲያገኙ፣ ከላይ ይታይ አሉ፤ አታላይንም ከእኛ አይደለም አሉ። ክምሩ ውስጥ እጅ ማስገባት ይቻላል። ሞተር ውስጥ ግን እጃችንን ማስገባት የማንችል ብዙ ነን። ስለዚህ የመካኒኩ አማና ከእህል ነጋዴው ይከብዳል።

ፉቀሃዎች ገበያ የማያውቅና ሻጩን አምኖ ራሱን የሰጠ ሰው ሙስተርሲል ይሉታል። እሱን ከመጠን በላይ ማስከፈል ገብን ይባላል። እዚህ ላይ መዝሀቦች ይለያያሉ። በሐንበሊዮችና በአንዳንድ ማሊኪዮች ዘንድ እንዲህ ያለው ሰው ውሉን የማፍረስ መብት አለው። በሻፊዒ መዝሀብ ዋጋው መክበዱ ብቻውን ውሉን አያፈርስም። በሐነፊዮች ዘንድ ከባድ ገብን ከማታለል ጋር ሲሆን መብት ይሰጣል። ልዩነቱ ግን ውሉ ይፈርሳል ወይስ አይፈርስም በሚለው ላይ ነው። ማታለሉ ሐራም በመሆኑ ላይ ልዩነት የለም። «ቃዲ አያፈርስብኝም» ማለት «አላህ አይጠይቀኝም» ማለት አይደለም።

ስለዚህ ዙልም የምንለው ይህንን ነው፦ ያልተበላሸን ተበላሽቷል ማለት። ያልቀየሩትን ቀየርን ማለት። አሮጌን በአዲስ ዋጋ መሸጥ። ያለ ፈቃድ ሥራ ጨምሮ መኪናውን መያዝ። ሰውዬው እንግሊዝኛ አይችልም ብሎ ዋጋ መጨመር። አገር ቤት ደግሞ «ዲያስፖራ ነው» ብሎ እጥፍ መጠየቅ። ይህን የመጨረሻውን «ቢዝነስ ነው፣ እሱ አለው» እያልን እንስቅበታለን። ዋጋውን በግልጽ ነግሮት፣ እሱም ገበያውን አውቆ ከተስማማ አንድ ነገር ነው። ገበያውን እንደማያውቅ አውቆ «ወንድሜ፣ ለአንተ ብዬ ነው» እያለ እጥፍ የሚወስድ ግን ከገጠር የሚመጣውን ነጋዴ መንገድ ላይ ቀድሞ እንደሚቀበለው ሰው ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

የምትኖሩበት አገር ሕግ የሰጣችሁን መብት ተጠቀሙ። ለምሳሌ ካሊፎርኒያ ከ1971 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመኪና ጥገና ሕግ አላት። ጋራዡ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የጽሑፍ ግምት መስጠት አለበት። ከግምቱ በላይ ለመሄድ ፈቃዳችሁን መጠየቅ አለበት። ሥራውን ስታዙ አስቀድማችሁ ከጠየቃችሁ የተፈታውን አሮጌ ዕቃ የማየት ወይም የመውሰድ መብት አላችሁ። አሮጌውን ዕቃ መጠየቅ ክምሩ ውስጥ እጅ እንደማስገባት ነው። የመኪና ሻጭ ድርጅቱ «ሌላ ጋራዥ ካሠራህ ዋስትናህ ይቀራል» ካላችሁም፣ በአሜሪካ የ1975ቱ የዋስትና ሕግ ሌላ ቦታ በማሠራታችሁ ብቻ ዋስትናውን መሰረዝ አይፈቅድም። ለከባድ ሥራ ሁለተኛ ጋራዥ ጠይቁ። መጠየቅ መጥፎ ጥርጣሬ አይደለም፤ ገንዘብ ማባከንም የተከለከለ ነው።

አሁን ወደ ባንኩ ጥያቄ እንምጣ። ዋጋው አስቀድሞ ከተነገራችሁ፣ ከተስማማችሁ፣ ሥራውም ከተሠራ፣ ያ ገንዘብ የጋራዡ ሐቅ ነው። በኋላ አገር ቤት ርካሽ መሆኑን መስማታችሁ ሐቁን አይሽረውም። ባንክ ደውላችሁ «አላዘዝኩም» ብላችሁ ማስመለስ ውሸትም የሰው ገንዘብ መብላትም ነው። አላህ በሱረቱ አን-ኒሳእ ገንዘብን በከንቱ መንገድ መብላትን ከልክሎ፣ በመዋደድ የሚደረግን ንግድ ለይቷል። መዋደዱ የታየው ስትፈርሙ ነው። ሥርዓቱ መፍቀዱ ሐላል አያደርገውም። ጋራዡ የሙስሊም ባይሆንም ልዩነት የለም። በአገሩ ቪዛ ስንገባ ቃል ገብተናል፤ ቃል ደግሞ በሃይማኖት አይከፈልም።

ያላዘዛችሁት ሥራ ከተጨመረ፣ ያልተቀየረ ዕቃ ከተቆጠረ፣ ከተነገራችሁ በላይ ያለ ፈቃድ ከተወሰደ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። መጀመሪያ ባለቤቱን አናግሩ። ካልሆነ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት አመልክቱ። ባንኩ ጋም ስትሄዱ የሆነውን ብቻ ተናገሩ። የምታስመልሱትም የተበደላችሁበትን ልክ ይሁን እንጂ ትክክለኛውን ሥራ ጨምራችሁ አይሁን። ልዩ ሁኔታ ያለው ሰው አጠገቡ ያለውን ዓሊም ይጠይቅ።

ምላሳችሁንም ጠብቁ። ሂሳቡ ስለከበዳችሁ ብቻ «እገሌ ጋራዥ ሌባ ነው» ብላችሁ ቪዲዮ መልቀቅ፣ ካልሰረቀ ቡህታን ነው። ሰው ገበያው ሲዘጋ ልጆቹም ይራባሉ። ያያችሁትን በደል በማስረጃ፣ በልኩ መናገር ሌላ ነው፤ ሌላው እንዳይታለል ያግዛል።

ለእናንተ ደግሞ፣ ጋራዥ ውስጥ ለምትሠሩ ወንድሞቼ። የሐበሻ ደንበኛ መጥቶ «ወንድም አይደለህ እንዴ፣ ቀንስልኝ» ሲላችሁ ፊታችሁ እንደሚጠቁር አውቃለሁ። መቀነስ ኢሕሳን ነው፤ ግዴታ አይደለም። ወንድምነት የሰውን ላብ በነጻ መውሰጃ ካርድ አይደለም። ደንበኛውም ይህን ይወቅ፤ ለማያውቀው ጋራዥ ሙሉ ከፍሎ ለወንድሙ ግማሽ የሚከፍል ሰው ወንድምነትን ቅጣት አድርጎታል። እናንተም በበኩላችሁ አደራ፤ «ወንድሜ ስለሆነ አይጠይቀኝም» ብላችሁ ዕቃ አታለውጡበት። አምኗችሁ የመጣ ሙስተርሲል ነውና ሐቁ ይበልጣል። የሰበራችሁትን ዕቃ አትደብቁ፤ የማሊኪ ፉቀሃዎች የእጅ ባለሙያን ለተረከበው ዕቃ ተጠያቂ ያደረጉት የሰው ንብረት እንዳይጠፋ ነው። «ይህ ገና ስድስት ወር ያገለግልሃል፣ አሁን አትቀይረው» የምትል አንድ ዓረፍተ ነገር በዚያ ቀን ገቢያችሁን ትቀንስ ይሆናል። በረካው ግን እዚያ ውስጥ ነው፤ ያ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ወደ ሌላ አይሄድም።

እንግዲህ «ውጭ አገር ያለው የጋራዥ ሂሳብ ፍትሐዊ ነው ወይ?» ለሚለው ሂሳቡን ከአገር ቤት ጋር በማስተያየት መልስ አይገኝም። መልሱ ያለው እነዚህ ጥያቄዎች ውስጥ ነው፦ ዋጋው አስቀድሞ ተነግሮኛል? ሥራው አስፈላጊ ነበር? የተባለው ተሠርቷል? የሠራው ሰው ሐቁን አግኝቷል? እኔስ ሰውን የለካሁት ራሴን በምለካበት ሚዛን ነው? እነዚህ አዎ ከሆኑ ሂሳቡ ቢከብድም ዓድል ነው፤ ክፈሉና ለሪዝቃችሁ ዱዓ አድርጉ። ከመካከላቸው አንዱ አይደለም ከሆነ፣ ሂሳቡ አሥር ብርም ቢሆን ይመርመር።

በዚህ ሳምንት አንድ ነገር ብቻ ሞክሩ። የምትከፍሉትን ሂሳብ በብር ከማባዛታችሁ በፊት ደሞዛችሁን በዚያው አባዙት። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ቁጣ ካለ ያ ቁጣ ምናልባት የሐቅ ቁጣ ነው፤ በሐቅ መንገድም ተከታተሉት።

አላህ ሪዝቃችንን ሐላል ያድርግልን፤ በሐላሉም ያብቃቃን። ስንገዛም፣ ስንሸጥም፣ ሐቃችንን ስንጠይቅም ገራገር ከሆኑት ያድርገን። ሚዛናችንን አንድ ያድርግልን። በስደት ላይ ያላችሁትን ይጠብቃችሁ፣ መንገዳችሁን ሰላም ያድርግ። አሚን።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።